ጅግጅጋ ላይ ሽንፈት ስመዘግብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሸነፍኩት በስድነት ነው።

ያኔ ጅግጅጋ አውቶቡስ ተራው ጀርባ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤና ማመልከቻ እተይብ ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ ሶማሊኛው ከአማርኛው እኩል ይቀናኛል። አንድ ቀን ኢንጂነር ሙክታር የሚባል ሰው የውል ወረቀት ሊያስተይብ መጣ። እሱ በሶማሊኛ የሚነግረኝን እኔ በአማርኛ ስተይብለት ቆይቶ፣ "ዘሐራ ነው ስምሽ? እኔ ጋ የትርጉም ሥራ አለ፤ ትመጫለሽ?" አለኝ። ምን እንደሚተረጎም ጠየቅሁት። "ጨዋታ" አለ። "የስልክ ጨዋታ።"

ቢሮው ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ አምስት አሮጌ ስልኮች። ሙክታር አለቃችን ነው፤ የጨዋታውን ታሪክ የሚጽፈውም እሱ ነው። ፕሮግራመሩ ሄኖክ ይባላል፤ ከድሬዳዋ የመጣ፣ ከሰው ይልቅ ከኮምፒውተር ጋር ማውራት የሚቀለው ልጅ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ነጋዴ ይሆናል። ግመሉን እየሳበ ከደምበል ይነሳና በጅግጅጋና በሐርተሼክ አልፎ ጉናጋዶ ገበያ ይደርሳል። መንገድ ላይ ሰው ያገኛል፣ ያወራል፣ ይገበያያል። የመለሰው መልስ፣ የመረጠው ምርጫ ሁሉ ወደፊት የሚገጥመውን ይለውጠዋል። ተጫዋቹ ለጊዜው ሌላ ሰው ሆኖ የሚኖርበት ዓይነት ጨዋታ ነው።

"ስሙ 'ሰፈር' ነው" አለኝ ሙክታር። "በአማርኛ ምን እንበለው?"

በሶማሊኛ ጉዞ ማለት ነው። አማርኛ አንባቢ ግን ሰፈር ሲባል የሚታየው መንደሩ ነው። "እንዳለ ከተውነው ከቤቱ ያልወጣ ሰው ታሪክ ይመስላል" አልኩት። ሄኖክ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ሳቀ። "ጉዞ" ብለን ጻፍነው።

ከመተርጎሜ በፊት እንድጫወተው ሙክታር አንዱን ስልክ ሰጠኝ። ደምበል ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። "ሰላም ነው?" ይላሉ። "መንገዱ ሰላም ነው? ቤተሰቡ ሰላም ነው?" እኔ በጥድፊያ መተየብ የለመድኩ ሰው ነኝ። ንግግሩን እየዘለልኩ "ውኃ" የሚለውን ደጋግሜ ነካሁ። ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ደምበል ላይ ያናገረኝ ሰው የለም። ጉድጓዱ ሞልቷል፤ ባልዲ የሚያወርድልኝ ግን አጣሁ። በጨዋታው ሦስተኛ ቀን ሞትኩ።

"ውኃ ጥም ገደለኝ" አልኩት ሙክታርን።

"ውኃማ ነበረ" አለ። "የገደለሽ ስድነት ነው። የሰው ሰላምታ ሳትመልሺ ማን ያጠጣሻል?"

ትርጉሙን በጨረስኩ ማግስት የጨዋታው ፈታኝ እንድሆን ጠየቀኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው፣ "እስካሁን እንዳንቺ የሞተ የለም" አለኝ።

ፈታኝ ማለት ጨዋታውን የሚጫወት ሰው ማለት አይደለም። ጨዋታው የት እንደሚሰበር የሚፈልግ ሰው ነው። ተጫዋች በር ሲያይ ይገባል፤ ፈታኝ በሩን ትቶ ግድግዳውን ሃምሳ ጊዜ ይገፋል። አንድ ደብተር ነበረኝ። ለእያንዳንዱ ሽንፈት ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ተጫዋቹ ምን እያደረገ ነበር፣ ጨዋታው ምን አደረገ፣ ያው ነገር ሲደገም ይደገማል ወይ። ከዚያ ደረጃ እሰጠዋለሁ። ጨዋታው ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ "ሀ"፣ ተጫዋቹ መውጫ የሚያጣ ከሆነ "ለ"፣ የፊደል ግድፈትና የመሳሰለው "ሐ"።

በሙያው ቋንቋ እንዲህ ያለው ስህተት "ባግ" ይባላል። በሄኖክ አፍ ግን "በግ" ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ እኛም ተከተልነው። ጠዋት ገና ስገባ "ትናንት ስንት በግ አገኘሽ?" ይለኛል። "ሦስት፤ አንዱ ትልቅ ነው" እለዋለሁ። በሙቀቱ ምክንያት መስኮታችን ሁልጊዜ ክፍት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ በግ ግመሉ ላይ የተገኘው ነው። ጭነት ሲጫን ምንጣፉን፣ ጀሪካኑን፣ የስኳር ጆንያውን በጣት እየጎተቱ ግመሉ ላይ ማድረግ ነው። አንድ ቀን ጣቴ ስቶ ግመሉን ራሱን ጎተትኩት። ግመሉ በራሱ ላይ ተጫነ። ወዲያው ከነጭነቱ ጠፋ። ነጋዴዬ ገመዱን እንደያዘ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ።

ሄኖክ "አይሆንም" አለ። የፕሮግራመር የመጀመሪያ መልስ ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ መከፋት አያስፈልግም። ዓይኑ እያየ ሁለት ጊዜ አደረግሁለት። በሦስተኛው ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ግመሉን በግመሉ ላይ ጫነና ሲጠፋ አየው።

"ግመሉን ዕቃ ብዬ ነው የመዘገብኩት" አለ። "ዕቃ ከሆነ ይጫናል።"

ግመሉን ከዕቃዎቹ ዝርዝር አውጥቶ ከሰዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በቀጣዩ ቅጂ ነጋዴው በየማለዳው ግመሉን "ቤተሰቡ ሰላም ነው?" እያለ መጠየቅ ጀመረ። እሱንም መዘገብኩ፤ ደረጃ "ሐ"።

ሌላው ሽንፈት የሚመጣው በመወደድ ነው። ጉናጋዶ ደርሼ ሰው ሁሉ እንዲወደኝ ሞከርኩ። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠሁ፣ የታመመ ጠየቅሁ፣ የተጣላ አስታረቅሁ። መሄድ ስፈልግ አንዱ "ምሳ ሳትበላማ" ይላል። ከሱ ስወጣ ሌላው ሠርግ ይጠራኛል። ቀኑ ይነጉዳል። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ጺሙ የሸበተ ነጋዴ ታየና ከሥሩ "ጉናጋዶ ላይ አረጀህ" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ይህን "ለ" ብዬ ለሙክታር ሳሳየው፣ "እሱ በግ አይደለም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለ። "አጎቴ ለሦስት ቀን ብሎ ጉናጋዶ ሄዶ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቷል። ይኑር፤ አትንኩት።" ደብተሬ ላይ "ሆን ተብሎ የተደረገ" ብዬ ጻፍኩ። ፈታኝ በስህተትና በአለቃው አጎት መካከል ያለውን ልዩነት ቶሎ መለየት አለበት።

ሥራው እየበዛ ሲሄድ ከውጭ ሰው እየጠራን ማጫወት ጀመርን። ጉሌድ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሰኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልክ ይዞ ጥግ ተቀመጠ። ሐርተሼክ ደርሶ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሻሕ ገጠመ። ሻሕ አገሬው መሬት ላይ መስመር አስምሮ በጠጠር የሚጫወተው ነው። ሄኖክ ሽማግሌውን ሲሠራ እንዳይሸነፉ አድርጎ ነበር፤ ተጫዋቹ ሲሰለቸው ተነስቶ ይሄዳል ብሎ አስቧል።

ጉሌድ አልተነሳም። አንድ ሰዓት ቆየ፣ ሁለት ሰዓት ቆየ። ግመሉ ጭነቱን እንደተሸከመ ቆሞ ነው፤ ስንቁ ያልቃል።

"ለምን አትሄድም?" አልኩት።

"ሽማግሌ እያጫወቱኝ ጥዬ ልነሳ?" አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። "ነውር አይደለም እንዴ?"

ስንቁ አለቀና ተሸነፈ። ሄኖክ "እና እኔ ምን ላድርግ? የመሄጃው ምልክት እኮ ፊት ለፊቱ አለ" ብሎ ተከራከረኝ። መፍትሔውን ያገኘው ራሱ ጉሌድ ነው። ባጃጁ ላይ ሊወጣ ሲል "ሽማግሌው አይሰግዱም?" አለ። በሚቀጥለው ቅጂ ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ የዓስር ሶላት ሲደርስ ጠጠሩን ሰብስበው፣ "በል በሰላም ግባ" ብለው ይነሳሉ። ነጋዴው ያኔ ነጻ ይወጣል። ክርስቲያኑ ሄኖክ የዓስርን ሰዓት ከጉሌድ ጠይቆ ነው ያስገባው።

ኤዶ ሂቦ የመጡት በበጉ ምክንያት ነው።

ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ የገፋች ሴት ሁሉ እንዲህ ትጠራለች። ኤዶ ሂቦ ቤታቸው ሐርተሼክ ነው። ጠዋት በጭነት መኪና የግመል ወተት ይዘው እየመጡ ከደረጃችን ሥር ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ክፍሉን ዞረ።

"በየቀኑ በግ አገኘን ስትሉ በመስኮቱ እሰማለሁ" አሉ በሶማሊኛ። "የማን በግ ነው? ባለቤቱ አይፈልገውም?"

ሙክታር ለመመለስ ሞክሮ ሳቁ አላስችል አለው። እኔ አስቀምጫቸው ስልኩን አሳየኋቸው። በጉ ምን እንደሆነ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ፤ ግመሉን ሲያዩ ግን በጉን ረሱት።

"እኔም ልያዘው?" አሉ።

ፊደል አይቆጥሩም፤ የአማርኛውን ጽሑፍ እኔ ወደ ሶማሊኛ እየመለስኩላቸው እሳቸው በጣታቸው ይነካሉ። ደምበል ላይ ከሽማግሌው ጋር የተለዋወጡት ሰላምታ እኛ ከጻፍነው በላይ ነበር፤ ስልኩ ያልጠየቀውን ሁሉ አፍ አውጥተው መለሱ። ከዚያ "ተነስ" የሚለው ምልክት መጣ። አልነኩትም።

"ግመሉ ጠጥቷል?" ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

"ሳላጠጣው ወዴት ልነሳ ነው?"

ግመል የሚጠጣበት ምልክት ጨዋታው ውስጥ አልነበረም። ኤዶ ሂቦ ጠበቁ። የሚያጠጣው ሰው ይመጣል ብለው ይሆናል። በጨዋታው ሰባት ቀን አለፈ፤ ስንቁ አለቀ፤ ከደምበል አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ተሸነፉ። ስልኩን መለሱልኝና "እኔ ሳልሆን ግመሉ ነው ያዘነው" ብለው ወደ ወተታቸው ወረዱ።

ሄኖክ "የጨዋታውን ሕግ ስላላወቁ ነው" አለ። ሙክታር ግን ፊቱ ቀላ። "ስለ ግመል ጨዋታ ጽፌ ማጠጣቱን ረሳሁ" አለ። "ይህን እናቴ እንዳትሰማ።" በዚያ ሳምንት ግመሉ መጠጣት ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ኤዶ ሂቦ ወተቱ ቶሎ ባለቀ ቀን ሁሉ ይወጡ ነበር። እኔን "ሆዮ" ይሉኛል። እናት ማለት ነው፤ እዚህ እናት ልጇን የምትጠራው በራሷ መጠሪያ ነው። ከሁላችን በላይ ሽንፈት ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው። አንዴ የራሳቸው ግመል የደከመ ስለመሰላቸው ጭነቱን ሁሉ አውርደው ራሳቸው ሊሸከሙት ሞከሩ። አንዴ ደግሞ ጅግጅጋ ገበያ ላይ የቀረበላቸውን ዋጋ ለመስማት እምቢ አሉ፤ ሰውየው አባቱን ማን እንደሚሉት አስቀድሞ መናገር አለበት ብለው ነው። እያንዳንዱን ጻፍኩ። ሄኖክም ማጉረምረሙን ትቶ "ዛሬ ኤዶ ምን አሉ?" እያለ መጠየቅ ጀመረ።

ጨዋታውን የሚደግፈው አንድ ድርጅት ነበር። ሐሳቡን የተቀበሉት ለወጣቶች ውኃ መቆጠብን ያስተምራል ተብሎ ነው። ጨዋታው አልቆ የሚታይበት ቀን ተቆርጧል። ካልወደዱት ቢሮው ይዘጋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ለዚህ ትምህርት ሲባል ሙክታር አንድ ክፍል ጽፏል። ከሐርተሼክ ወደ ጉናጋዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ልጆችና ጥቂት ፍየሎች ያሏት ሴት ትቆማለች። ውኃ ትለምናለች። ነጋዴው ሦስት ጀሪካን ይዟል። ከከለከላት ስሙ ይጠፋል። አንድ ከሰጣት ያልፋል። ሁሉንም ከሰጣት ከሁለት ቀን በኋላ ግመሉ ይወድቃል፣ ጨዋታውም ያበቃል። ሁሉንም የሰጠ ግን አላየንም፤ እኔ ራሴ ሦስተኛውን የሰጠሁት ለፍተሻ ያህል ነበር።

ኤዶ ሂቦ ሦስቱንም ሰጡ። አላመነቱም። አንዱን ለሴትየዋ፣ አንዱን ለልጆቹ፣ አንዱን ለፍየሎቹ እያሉ ነው የነኩት።

ሁለት ቀን ሄዱ። ግመሉ ተንበረከከ። ስክሪኑ ጨለመና ጽሑፍ መጣ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ውኃህን አባከንክ፤ ተሸንፈሃል" ይላል። ወደ ሶማሊኛ መልሼ ነገርኳቸው።

"አባከንክ?" አሉ። ደገሙት። "ውኃውን አባከንክ ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"ማን ነው የጻፈው?"

ሙክታር በሶማሊኛ የጻፈው "ውኃው አለቀብህ" የሚል ነበር። አማርኛው ሲነበብ ኃይል እንዲኖረው ብዬ "አባከንክ" ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጥሩ ቃል ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለኤዶ ሂቦ ግን "እኔ ነኝ" አላልኳቸውም። "እዚህ ነው የተጻፈው" አልኩ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉና ወረዱ። በማግስቱ ወተቱን የሚሸጡት የእህታቸው ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ቀንም እሷው ነበረች። ታመው እንደሆነ ስጠይቃት "ደህና ናት፤ መምጣት አልፈልግም ብላ ነው" አለችኝ።

ሙክታርን ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ሐርተሼክ ሄድኩ። ቤታቸውን ያሳየኝ አልጠፋም። ኤዶ ሂቦ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የወተት ዕቃ ያጥኑ ነበር። ሲያዩኝ አልተገረሙም፤ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ሻይ አመጡ። ስለ መንገዱ፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ።

ከዚያ "ኤዶ፣ ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቄ ነበር" አሉ። "ያን ጊዜ ዓይንሽ ወለሉ ላይ ነበር።"

የወተት ዕቃውን እያጠኑ ነገሩኝ። ድሮ፣ ድርቅ በገባበት አንድ ዓመት፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚህ ሲመጡ መንገድ ላይ የደረቀ የውኃ ማጠራቀሚያ አጠገብ የተቀመጠ ቤተሰብ አገኙ። ልጆቹ መነሳት አቅቷቸዋል። ባለቤታቸው ግመሉ ላይ የነበረውን ውኃ ሁሉ አወረዱላቸው። ከዚያ ከብቶቹ በየመንገዱ አለቁ። ባልና ሚስት ሐርተሼክ የገቡት በባዶ እጃቸው ነው።

"እኔ አንድ ቀን አልወቀስኩትም" አሉ። "ዘመዶቹ ግን እስኪሞት ድረስ 'ውኃውን ያባከነው' ይሉት ነበር። በስሙ ፋንታ። እሱ አይመልስም ነበር። ከሞተ በኋላ ያን ቃል ማንም ፊቴ ላይ ብሎት አያውቅም። ከስልክ ሲወጣ ጊዜ ደነገጥኩ።"

ይቅርታ አልኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙ፤ ይቅርታው ያለቀ ጉዳይ ነው እንደማለት።

"ሌላ ነገር ነው የምጠይቅሽ፣ ሆዮ" አሉ። "ያቺ ሴትዮስ? ከጠጣች በኋላ የት ደረሰች?"

"የትኛዋ?"

"ስልኩ ውስጥ ያለችው። ልጆቿን ይዛ የት ደረሰች?"

እውነቱን ነገርኳቸው። የትም አትደርስም። ነጋዴው ካለፈ በኋላ ስልኩ እንዳይከብድ ሄኖክ ያጠፋታል።

ኤዶ ሂቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛም አላወቅንም" አሉ። "ይድረሱ አይድረሱ። ባሌ የሚያስጨንቀው ያ ነበር እንጂ ከብቱ አልነበረም።"

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሬን አውጥቼ አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ። "ተጫዋቹ ምን ማወቅ ፈልጎ ነበር?" ብዬ ጻፍኩበት። ጨዋታው ለድርጅቱ ሊታይ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል።

በማግስቱ ለሁለቱ ነገርኳቸው። ቃሉ እንዲነሳና ሴትየዋ እንድትቀጥል ጠየቅሁ።

"ታዲያ ሽንፈት ነው ወይስ አይደለም?" አለ ሄኖክ። "አንዱን ንገሪኝ። ኮምፒውተር መሃል አያውቅም።"

"ሽንፈት ነው" አልኩ። "ግመሉ ይወድቃል፣ ጉዞው ያበቃል። ውኃው የት እንደደረሰ ግን ይታይ።"

ሙክታር ተቃወመ። "ድርጅቱ የተቀበለን ውኃ ቆጥቡ የሚል ጨዋታ ነው ብለን ነው። ሁሉን የሰጠውን ካመሰገንነው ውላችንን አፈረስን። ይህን ቢሮ ላስዘጋው ነው የምትይኝ?"

"አናመሰግነውም። አንሰድበው ብቻ።"

ብዙ ተከራከርን። የሙክታርን ልብ ያለዘበው የኔ ክርክር አልነበረም። በስተመጨረሻ "ኤዶ ከዚያ ወዲህ አልመጡም?" ብሎ ጠየቀኝ። "አልመጡም" አልኩት። መስኮቱ ጋ ሄዶ ደረጃውን ወደታች አየ፤ የእህታቸው ልጅ ወተት ትሰፍራለች። "ሄኖክ፣ ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" አለ።

ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ግመሉ ይወድቃል። ስክሪኑ አይጨልምም፤ ምስሉ ወደኋላ ተመልሶ ሴትየዋን ያሳያል። ልጆቿንና ፍየሎቿን ይዛ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ሐርተሼክ ትገባለች። አንድ ሰው በር ላይ ተቀብሎ ያስገባታል። ከሥሩ "ጉዞህ እዚህ አበቃ" ይላል። ለሴት ተጫዋች "ጉዞሽ" እንዲል አደረግሁት፤ እስከዚያ ጨዋታችንን ሴት ትጫወተዋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በተቆረጠው ቀን የመጣችው የድርጅቱ ተወካይ ሴት ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ጥያቄዋን በወረቀት የምትጽፍ። ከሰላምታው አለፈች፣ ከሻሑ አለፈች። ሻሑ ላይ ፈገግ አለች። ሴትየዋ ጋ ስትደርስ አንድ ጀሪካን ሰጠችና አለፈች። ከዚያ "ሁሉንም ብሰጥስ?" ብላ ተመለሰች። ሰጠች። አየችው።

"ይህ ወጣቶች ውኃቸውን እንዲጨርሱ አያደፋፍርም?" አለች።

ሙክታር ሲመልስ ድምፁ አልተረበሸም። "ጉዞው ያበቃል። ሽንፈት ነው። ሽንፈት መሆኑን አልደበቅንም። ውኃው መሬት ላይ እንዳልፈሰሰ ነው ያሳየነው።"

ወረቀቷ ላይ ረጅም ነገር ጻፈች። ጨዋታውን ተቀበሉት። ቀጣዩን ክፍል ግን ለሌላ ሰጡት፤ ምክንያቱን አልጻፉልንም። ከዓመት በኋላ ቢሮውን ለቀን ሙክታር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ገባን። ኮሮና ሲመጣ ያም ክፍል ቀረና ሥራው በየቤታችን ሆነ። ሄኖክ አዲስ አበባ ሄደ፤ አሁንም አዲስ ነገር ሲሠራ ቅጂውን ለኔ ይልካል፣ እኔም በጎቹን ቆጥሬ እመልስለታለሁ። "ጉዞ" በጅግጅጋ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ቆየ። ጉሌድ ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይጫወተዋል።

ኤዶ ሂቦ የመጡት ተወካይዋ ከሄደች በሳምንቱ ነው። መጨረሻው መለወጡን የእህታቸው ልጅ ነግራቸዋለች። ሦስቱንም ጀሪካን እንደገና ሰጡ። ግመሉ ሲንበረከክ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ሴትየዋ ስትሄድ በዓይናቸው ተከተሏት። ሐርተሼክ ስትገባ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

"ደረሰች?" አሉኝ።

"ደረሰች፣ ኤዶ።"

"ልጆቹም?"

"ሁለቱም።"

"ሃዬ" አሉ። እሺ ማለት ነው። ትንሽ ተቀምጠው፣ የወተቱ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ተነስተው ወረዱ።

ዛሬ ይህን ሙያ የሚጀምሩ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ የምነግራቸው ይህን ነው። ተጫዋች ያልጠበቃችሁትን ሲያደርግና ሲሸነፍ፣ "ሕጉን አላወቀም" ብላችሁ አትጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ያውቃል፤ የሚያውቀው ሌላ ሕግ ነው። ጠይቁት፣ የሚላችሁን በራሱ ቃል ጻፉ፣ ከዚያ ደረጃ ስጡ።